በአሜሪካ ጦር ሃይሎች የህክምና ሙያ፦ ምድር ጦር፣ ባህር ሃይል ወይስ አየር ሃይል?

በአሜሪካ የህክምና ትምህርት ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑ ይታወቃል። ተበድረው ከሚማሩት የህክምና ተማሪዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁት 200 ሺህ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እዳ ተሸክመው ነው። እ.ኤ.አ በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ህግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደሩ የህክምና ተማሪዎች ከፌዴራል መንግስት የሚያገኙት ብድር በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ወስኗል።

በዚህ ምክንያት የትምህርቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው የጦር ሃይሎች የነፃ ትምህርት እድል የብዙ አመልካቾችን ትኩረት ይስባል። ጉዳዩ በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለሃኪምነት ለማብቃት የሚደክሙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንም የሚመለከት ነው።

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው "ከምድር ጦር፣ ከባህር ሃይልና ከአየር ሃይል የትኛው ይሻላል?" በሚል ነው። ይሁንና ሶስቱን ጦሮች በደመወዝ፣ በትምህርት ክፍያ ወይም በአገልግሎት ግዴታ ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም፤ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው በህግ አንድ ናቸውና። ዋነኛው ልዩነት ያለው ሃኪሙ ከተመረቀ በኋላ የስፔሻሊስትነት ስልጠናውን መቼና የት እንደሚያገኝ፣ ቀጥሎም የት ተመድቦ ማንን እንደሚያክም በሚወስነው አሰራር ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት ለማስረዳት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓ.ም ካልተባለ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሰራሩ አመጣጥ

የአሜሪካ ጦር ለረጅም ጊዜ ሃኪሞችን ያገኝ የነበረው በግዳጅ ምልመላ ነበር። በቬትናም ጦርነት ማብቂያ ላይ የግዳጅ ምልመላው እንዲቀር ሲወሰን፣ ጦሩ ሃኪሞቹን በፈቃደኝነት የሚያገኝበት መንገድ ማበጀት ግድ ሆነ። ለዚሁ ዓላማ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1972 አንድ ህግ ያወጣ ሲሆን፣ የግዳጅ ምልመላው በ1973 ቆሟል።

ህጉ ሁለት መንገዶችን ከፍቷል። የመጀመሪያው በሲቪል የህክምና ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የሚሰጠው የጤና ሙያዎች የነፃ ትምህርት እድል ነው። ሁለተኛው በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ቤቴስዳ ከተማ የሚገኘው የደንብ ልብስ ለባሽ አገልግሎቶች የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው የህክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስመረቀው በ1980 ሲሆን፣ የተሰየመውም ህጉ እንዲወጣ ለዓመታት በተከራከሩት የሉዊዚያና የምክር ቤት አባል በኤድዋርድ ሄበርት ስም ነው።

በሶስቱም ጦሮች አንድ የሆነው

የነፃ ትምህርት እድሉ የትምህርት ክፍያን፣ አስገዳጅ የሆኑ ሌሎች ክፍያዎችንና የመጻሕፍት ወጪን ይሸፍናል። ተማሪው ከዚህ በተጨማሪ በየወሩ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ የኪስ ገንዘብ የሚያገኝ ሲሆን፣ ሲፈርም የ20 ሺህ ዶላር ጉርሻ የሚሰጥበት አሰራርም አለ። በዓመት ለ45 ቀናት ደግሞ በምክትል መቶ አለቃ ወይም በባህር ሃይሉ አቻ ማዕረግ በንቁ አገልግሎት ላይ ሆኖ ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። በቀረው ጊዜ እንደ ማንኛውም ተማሪ ሲቪል ልብስ ለብሶ ይማራል።

በምላሹ ተማሪው ጦሩ ለከፈለለት ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓመት አንድ ዓመት በንቁ ወታደርነት ያገለግላል። አራት ዓመት የተከፈለለት አራት ዓመት አለበት ማለት ነው። አጠቃላይ ወታደራዊ ግዴታው ስምንት ዓመት ሲሆን፣ ከንቁ አገልግሎቱ የሚተርፈው ጊዜ በተጠባባቂነት ስም ዝርዝር ውስጥ በመቆየት ይጠናቀቃል።

ቤቴስዳ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደግሞ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ የሚከፈለው መኮንን ሲሆን፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ይማራል። የአገልግሎት ግዴታው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከስፔሻሊስትነት ስልጠናው ሌላ ሰባት ዓመት ያገለግላል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የሚቀበላቸው የህክምና ተማሪዎች 170 ገደማ ብቻ በመሆናቸው ውድድሩ ጠንካራ ነው።

በሁለቱም መንገድ የመጣ ሃኪም ሲመረቅ የሻምበልነት ወይም በባህር ሃይሉ የዚህኑ አቻ ማዕረግ ይለብሳል። መሰረታዊ ደመወዙ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን የሚወሰን በመሆኑ በሶስቱም ጦሮች አንድ ነው። ለሃኪሞች የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያም በመከላከያ ሚኒስቴር ወሰን የሚወጣለት ነው። የጦር ሃኪም በስራው ላይ ለሚፈጠር የህክምና ስህተት በግሉ ስለማይከሰስ እንደ ሲቪል ባልደረባው የሙያ መድን አይገዛም። በአንጻሩ ብዙ ገቢ በሚያስገኙ የቀዶ ህክምና ዘርፎች የተሰማራ የጦር ሃኪም ገቢ በሲቪሉ ዓለም ካለው አቻው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

በአሜሪካ አንድ ሃኪም ከተመረቀ በኋላ ኢንተርንሺፕ የሚባለውን የመጀመሪያ የተግባር ስልጠና ዓመት፣ ቀጥሎም ሬዚደንሲ በመባል የሚታወቀውን የስፔሻሊስትነት ስልጠና ይወስዳል። ስልጠናው ለውስጥ ደዌ ወይም ለህጻናት ህክምና ኢንተርንሺፑን ጨምሮ ሶስት ዓመት፣ ለጠቅላላ ቀዶ ህክምና ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈጃል።

ሲቪል ተማሪዎች የስልጠና ቦታቸውን የሚያውቁት በየዓመቱ በማርች ወር በሚካሄደው አገር አቀፍ ምደባ ነው። ለጦር ሃይሎች የፈረሙት ግን አስቀድመው በወታደራዊው ምደባ ውስጥ ማለፍ አለባቸው፤ የዚህ ውጤት የሚታወቀው በዲሴምበር ወር ነው። እያንዳንዱ ጦር በዚያ ዓመት ምን ያህል የቀዶ ህክምና፣ የአጥንት፣ የማደንዘዣ ወይም የቤተሰብ ህክምና ሰልጣኝ እንደሚያስፈልገው ይወስናል። ተማሪው የፈለገው ዘርፍ ጦሩ በዚያ ዓመት ከማይፈልጋቸው አንዱ ከሆነ መጠበቅ ወይም ሌላ ዘርፍ መምረጥ ይኖርበታል።

የወታደራዊው ምደባ ውጤት ከሶስት አንዱ ነው። ሃኪሙ በወታደራዊ ሆስፒታል ስልጠናውን ሊቀጥል፣ አገልግሎቱ እንዲዘገይለት ተፈቅዶ በሲቪል ሆስፒታል ሊሰለጥን፣ ወይም ከኢንተርንሺፕ በኋላ ስልጠናውን አቋርጦ ጠቅላላ ሃኪም በመሆን ወደ አንድ የጦር ክፍል ሊላክ ይችላል። ሶስቱ ጦሮች በግልጽ የሚለያዩት እነዚህን መንገዶች በሚጠቀሙበት መጠን ነው።

ምድር ጦር

ምድር ጦር ከሶስቱ ትልቁን የህክምና አገልግሎት ያደራጀ ነው። ሃኪሞቹን በብዛት የሚያሰለጥነው በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ብሩክ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚገኘው ማዲጋን፣ በሃዋይ በሚገኘው ትሪፕለር እና በመሳሰሉት ታላላቅ ሆስፒታሎች ነው። የስልጠና ቦታዎቹ ብዛት ያላቸው በመሆኑ አብዛኞቹ የምድር ጦር ምሩቃን ከኢንተርንሺፕ በቀጥታ ወደ ስፔሻሊስትነት ስልጠናቸው ይሸጋገራሉ። ስልጠናዬን ሳላቋርጥ ልጨርስ ለሚል ተማሪ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

የምድር ጦር ሃኪም ሲዘምት የሚሰራው በመስክ ሆስፒታል ወይም ለውጊያው ቀጣና ቅርብ በሆነ አነስተኛ የቀዶ ህክምና ቡድን ውስጥ ነው። ከዘመቻ ውጪም ቢሆን በሙያው መካከለኛ ዘመን የብርጌድ ሃኪም ሆኖ ሊመደብ ይችላል። በዚህ ምደባ ላይ የሚገኝ ሃኪም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመምሪያ ስራ፣ በስብሰባና በእቅድ ዝግጅት እንጂ በሽተኛ በማከም ባለመሆኑ፣ በተለይ ቀዶ ህክምና ባለሙያዎች የእጅ ክህሎታቸው እንዳይደበዝዝ ይሰጋሉ።

የምድር ጦር የህክምና አገልግሎት በታሪኩም ይታወቃል። የቢጫ ወባ በሽታ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በ1900 በኩባ ያረጋገጠውን ቡድን የመሩት የጦሩ ሃኪም ሻለቃ ዋልተር ሪድ ነበሩ። ጥቁሮች በጦሩ ውስጥ በመኮንንነት ማገልገላቸው እንግዳ በነበረበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ደግሞ፣ በ1863 በሻለቃነት ማዕረግ የተሾሙት ዶክተር አሌክሳንደር ኦገስታ በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር የህክምና መኮንን ሆነዋል። ዶክተር ኦገስታ ከጦርነቱ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ፎርት ቤልቮር የሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ከ2023 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

ባህር ሃይል

የባህር ሃይሉ ሃኪሞች በዋነኛነት የሚሰለጥኑት በሜሪላንድ ቤቴስዳ፣ በቨርጂኒያ ፖርትስመዝ እና በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ነው። ባህር ሃይሉ መርከቦችን፣ ሰርጓጅ መርከቦችንና የራሱን አውሮፕላኖች የሚያክሙ ሃኪሞች ያስፈልጉታል። ማሪን ተብሎ የሚጠራው የባህር ሃይል እግረኛ ጦርም የራሱ ሃኪምና የህክምና ረዳት ስለሌለው አገልግሎቱን የሚያገኘው ከባህር ሃይሉ ነው።

በዚህም ምክንያት ከኢንተርንሺፕ በኋላ ስልጠናን አቋርጦ በጠቅላላ ሃኪምነት ማገልገል በባህር ሃይሉ ከሌሎቹ ይልቅ የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። ወጣቱ ሃኪም ለሁለት ወይም ለሶስት ዓመታት በአንድ መርከብ ላይ ወይም በአንድ የማሪን ሻለቃ ውስጥ ይመደባል፤ አለዚያም በፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ሰልጥኖ የበረራ ሃኪም፣ በኮኔቲከት ግሮተን ሰልጥኖ የጠላቂዎችና የሰርጓጅ መርከብ ሃኪም ይሆናል። ባህር ሃይሉ ይህን አሰራር ለመቀነስ ቢጥርም ሙሉ በሙሉ አልቀረም።

ይህ መንገድ ለአንዱ ጉዳት፣ ለሌላው ጥቅም ሊሆን ይችላል። ቀዶ ህክምና ለመማር የሚጣደፍ ወጣት ስልጠናው በመሃል ሲቋረጥ ያዝናል። በሌላ በኩል እነዚህ ዓመታት ከአገልግሎት ግዴታው ላይ ስለሚቀነሱ፣ አራት ዓመት ያለበት ሃኪም በጠቅላላ ሃኪምነት ጨርሶ ከወጣ በኋላ የፈለገውን ስልጠና በሲቪል ሆስፒታል መምረጥ ይችላል። ገና ምን ዓይነት ስፔሻሊስት መሆን እንደሚፈልግ ላልወሰነ ሰው ይህ የማሰቢያ ጊዜ ነው።

ባህር ሃይሉ እያንዳንዳቸው 1 ሺህ አልጋና 12 የቀዶ ህክምና ክፍሎች ያሏቸው "መርሲ" እና "ኮምፈርት" የተባሉ ሁለት የሆስፒታል መርከቦች አሉት። ኮምፈርት በ2010 በሃይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱት ህክምና የሰጠች ሲሆን፣ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ኮምፈርት ወደ ኒውዮርክ፣ መርሲ ደግሞ ወደ ሎስ አንጀለስ ተልከዋል። የባህር ሃይሉ የህክምና ባለሙያዎች ከሚመደቡባቸው የውጭ አገር ሰፈሮች መካከል በጃፓን ዮኮሱካና ኦኪናዋ፣ በጣሊያን ኔፕልስ፣ በስፔን ሮታ እና በጎረቤት አገር ጅቡቲ የሚገኘው ካምፕ ለሞኒየር ይጠቀሳሉ።

የባህር ሃይሉ ህክምና ከኢትዮጵያ ጋርም ግንኙነት ነበረው። በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲሰራ የቆየው የአሜሪካ ባህር ሃይል የህክምና ምርምር ጣቢያ የተዘጋው በ1977 ሲሆን፣ ይህም በወቅቱ የነበረው ወታደራዊ መንግስት ቃኘው ጣቢያ ተብሎ የሚታወቀውን የአስመራ የጦር ሰፈርና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን እንዲዘጉ ባዘዘበት ጊዜ ነው።

አየር ሃይል

የአየር ሃይሉ የህክምና አገልግሎት በአብዛኛው የተደራጀው በአየር ማረፊያ ሰፈሮች ዙሪያ ነው። በካሊፎርኒያ ትራቪስ፣ በሚሲሲፒ ኪስለር፣ በኦሃዮ ራይት ፓተርሰን እና በኔቫዳ ኔሊስ ሆስፒታሎች ያሉት ሲሆን፣ በሳን አንቶኒዮ ከምድር ጦር ጋር በጋራ ያሰለጥናል። ብዙዎቹ ሌሎች ሰፈሮች ግን ያላቸው ክሊኒክ እንጂ ሆስፒታል አይደለም።

የራሱ የስልጠና ሆስፒታሎች ውስን በመሆናቸው አየር ሃይሉ ሃኪሞቹን በሲቪል ሆስፒታሎች እንዲሰለጥኑ መፍቀድን ከሌሎቹ ጦሮች ይበልጥ ይጠቀማል። በአንድ ታዋቂ የሲቪል ማዕከል ለመሰልጠን ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ሰፋ ያለ በር ነው። አገልግሎቱ እንዲዘገይ የተፈቀደለት ሃኪም በስልጠናው ወቅት የሚከፈለው እንደ ማንኛውም ሲቪል ሰልጣኝ ከሆስፒታሉ ነው፤ ከወታደራዊው የሰልጣኝ ደመወዝ ያነሰ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል።

የአየር ሃይሉ ልዩ መለያ በበረራ ላይ የሚሰጥ ህክምና ነው። አንድ ሃኪም፣ አንድ የጽኑ ህሙማን ነርስና አንድ የመተንፈሻ ህክምና ባለሙያ ያሉበት ሶስት አባላት ያሉት ቡድን፣ በጽኑ የተጎዳን ሰው በጭነት አውሮፕላን ውስጥ እያከመ ውቅያኖስ ያሻግራል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ወቅት የቆሰሉ ወታደሮች በጀርመን ላንድሽቱል ወደሚገኘው ሆስፒታል ይጓጓዙ የነበረው በዚህ መንገድ ነበር። የበረራ ሃኪሞች ደግሞ አብራሪዎችን የሚከታተሉ ሲሆን፣ ራሳቸውም በመደበኛነት ይበራሉ። በ2019 የተቋቋመው የህዋ ሃይል የራሱ ሃኪሞች ስለሌሉት የህክምና አገልግሎቱን የሚያገኘው ከአየር ሃይል ነው።

የደንብ ልብስ ለብሶ ወታደር ያልሆነ ሃኪም

ከሶስቱ ጦሮች ሌላ የአሜሪካ የህዝብ ጤና አገልግሎት መኮንኖች የሚባሉ አሉ። እነዚህ ማዕረግና የደንብ ልብስ ቢኖራቸውም የጦር ሃይል አባላት አይደሉም። በአሜሪካ ቀደምት ህዝቦች መንደሮች፣ በፌዴራል ማረሚያ ቤቶችና በበሽታ መከላከያ ተቋማት ይሰራሉ። የባህር ጠረፍ ጥበቃ ሃይሉም የሃኪም አገልግሎት የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። መንግስትን በሙያው ለማገልገል ፈልጎ ጦርነት ውስጥ መግባት የሚከብደው ሰው ይህንን መንገድ ሊመለከተው ይገባል።

የአስተዳደር ለውጥ

በ2013 የመከላከያ የጤና ኤጀንሲ ከተቋቋመና በ2016 መጨረሻ ተጨማሪ ህግ ከወጣ ወዲህ፣ ቀድሞ በእያንዳንዱ ጦር ስር የነበሩት ሆስፒታሎች በደረጃ ወደ ኤጀንሲው ተላልፈዋል። ከዚያም በፊት በ2011 የምድር ጦሩ ዋልተር ሪድ ሆስፒታልና የባህር ሃይሉ የቤቴስዳ ሆስፒታል ተዋህደው አንድ የጋራ ማዕከል ሆነዋል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የተለያየ የደንብ ልብስ የለበሱ ሃኪሞች ጎን ለጎን ይሰራሉ። የሃኪሙ ምደባ፣ ዝውውርና የማዕረግ እድገት ግን አሁንም የሚወሰነው በራሱ ጦር ነው።

በወታደራዊ ሆስፒታሎች የሚታከሙት በአብዛኛው ወጣትና ጤናማ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በመሆናቸው፣ ከባድ ጉዳትና ውስብስብ በሽታ የማየት እድል አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለማካካስ ጦሮቹ ሃኪሞቻቸውን በማያሚ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በባልቲሞርና በመሳሰሉት ከተሞች ወደሚገኙ ሲቪል የአደጋ ህክምና ማዕከሎች እየላኩ ሲያሰለጥኑ ቆይተዋል። ሳን አንቶኒዮ የሚገኘው ብሩክ ሆስፒታል ደግሞ በአደጋ የተጎዱ ሲቪሎችንም ይቀበላል።

የዓመታት ስሌት

ውሳኔው የሚያስከፍለው ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በእድሜ ሲሰላ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ22 ዓመቱ የህክምና ትምህርት የጀመረ ተማሪ በ26 ዓመቱ ይመረቃል እንበል። የአራት ዓመት ነፃ ትምህርት ወስዶ በወታደራዊ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ስልጠና ካጠናቀቀ 29 ዓመት ይሞላዋል። የስልጠናው ዓመታት ከግዴታው ላይ ስለማይቀነሱ አራቱን ዓመት አገልግሎት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ነፃ የሚሆነው በ33 ዓመቱ ነው። ቀዶ ህክምና የመረጠው በ31 ዓመቱ ሰልጥኖ በ35 ወይም ከዚያ በኋላ ይወጣል። ስልጠናው ረጅም ሲሆን ግዴታውም ሊረዝም እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በቤቴስዳው ዩኒቨርሲቲ የተማረው የውስጥ ደዌ ሃኪም ግዴታውን የሚጨርሰው በ36፣ የቀዶ ህክምና ባለሙያው በ38 ዓመቱ ነው። በባህር ሃይሉ ከኢንተርንሺፕ በኋላ አራት ዓመት በጠቅላላ ሃኪምነት ያገለገለው ደግሞ በ31 ዓመቱ ግዴታውን ጨርሶ ቢወጣም፣ የስፔሻሊስትነት ስልጠናውን ገና ሊጀምር ነው። በዚህ መካከል ትዳር፣ ልጆችና የወላጆች መጦር አሉ። ወታደራዊ ሃኪም በየጥቂት ዓመቱ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው፣ ብሎም ወደ ውጭ አገር ስለሚዛወር የትዳር ጓደኛው ስራም አብሮ ይናጋል።

ዜግነት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የውጭ አገር ትምህርት

የነፃ ትምህርት እድሉን ለማግኘትም ሆነ በመኮንንነት ለመሾም የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በመኮንንነት አይሾምም። ትምህርት ቤቱም በአሜሪካ ወይም በፖርቶ ሪኮ የሚገኝ እውቅና ያለው መሆን አለበት፤ በካሪቢያን ደሴቶች ወይም በሌላ አገር ለሚማር አይከፈልም። በኢትዮጵያ ወይም በሌላ አገር የተመረቀ ሃኪም በጦሩ ለማገልገል ቢፈልግ በቅድሚያ የውጭ ምሩቃን የሚወስዱትን ፈተና ማለፍ፣ በአሜሪካ ስልጠናውን መጨረስ፣ የስራ ፈቃድና ዜግነት ማግኘት ይጠበቅበታል።

ባለ ግሪን ካርዱ ግን በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል። ምድር ጦር የውጊያ ቀጣና የህክምና ረዳቶችን የሚያሰለጥነው በሳን አንቶኒዮ ፎርት ሳም ሂውስተን ሲሆን፣ ሰልጣኞቹ በሲቪሉ ዓለምም የሚያገለግል የድንገተኛ ህክምና ባለሙያነት የምስክር ወረቀት ይይዛሉ። የባህር ሃይሉና የአየር ሃይሉ የህክምና ረዳቶችም የሚሰለጥኑት በዚያው ግቢ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በጁላይ 3 ቀን 2002 በፈረሙት ትእዛዝ መሰረት በክብር የሚያገለግሉ ወታደሮች ሌሎች የሚጠብቁትን ዓመታት ሳይጠብቁ ለዜግነት ማመልከት ችለዋል።

ከ2009 እስከ 2016 በስራ ላይ በዋለ ልዩ ፕሮግራም ደግሞ ግሪን ካርድ የሌላቸው የጤና ባለሙያዎችና አማርኛን ጨምሮ ጦሩ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎች እንዲቀጠሩ ተፈቅዶ ነበር። ፕሮግራሙ በ2016 ስለቆመ ዛሬም እንዳለ አድርገው የሚያወሩትን መቀበል አይገባም።

በተራ ወታደርነት ጀምሮ ሃኪም መሆንም ይቻላል። የቤቴስዳው ዩኒቨርሲቲ በ2014 በጀመረው የሁለት ዓመት የመሰናዶ ፕሮግራም የተመረጡ ወታደሮች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ለህክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ይዘጋጃሉ። ሶስት ዓመት አገልግለው ከጦሩ የሚወጡት ደግሞ በ2009 ስራ ላይ የዋለውን የወታደሮች የትምህርት ድጎማ ሙሉ በሙሉ መጠቀም ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ዜግነት ያላቸው አንባቢያን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ከዚህም ሌላ መኮንን የሚሆን ሰው የምስጢር ጠባቂነት ማጣሪያ ስለሚደረግበት በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር የሚኖሩ የቅርብ ዘመዶቹን በትክክል መዘርዘር አለበት። ማጣሪያው ጊዜ ሊወስድ ቢችልም ዘመድ በውጭ አገር መኖሩ በራሱ እንቅፋት አይደለም፤ መደበቁ ግን ነው።

ሃኪምም መኮንንም መሆን

በ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች መሰረት የጦር ሃኪም በጦርነት ላይ ጥቃት የማይፈጸምበት፣ ራሱንና በሽተኞቹን ለመከላከል ብቻ ቀላል መሳሪያ ሊይዝ የሚችል ባለሙያ ነው። የቆሰለውን ሁሉ ወዳጅ ጠላት ሳይል የማከም ግዴታ አለበት፤ የህክምናው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በጉዳቱ ክብደት ብቻ ነው። ይሁንና ሃኪሙ መኮንንም ስለሆነ የመዝመት ትእዛዝ ሲሰጠው "አልሄድም" ማለት አይችልም። የጦርነቱን ዓላማ ቢደግፍም ባይደግፍም ይሄዳል። ውሉን አፍርሶ ትምህርቱን የሚያቋርጥም የተከፈለለትን ገንዘብ እንዲመልስ ወይም በሌላ የስራ መደብ እንዲያገለግል ሊገደድ ይችላል።

ከመፈረም በፊት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አመልካቹ ለጥቂት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ እዳው ባይኖር ኖሮ በጦር ሃይሉ ውስጥ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ ወይ? የሚለው ነው። መልሱ "አይደለሁም" ከሆነ የሶስቱ ጦሮች ንጽጽር እዚሁ ላይ ያበቃል። ብድር በመክፈል ሊያልቅ ይችላል፤ የአገልግሎት ዓመታትን ግን በገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የምፈልገው የህክምና ዘርፍ በዚህ ጦር ውስጥ ባለፉት ሶስትና አራት ዓመታት ስንት የስልጠና ቦታ ነበረው? ስንት ሰውስ አመለከተ? ጦሮቹ የሚከፍቷቸውን ቦታዎች በየዓመቱ ስለሚያሳውቁ ይህ ሊጠየቅ የሚችል ጉዳይ ነው።

ሶስተኛ፣ ከኢንተርንሺፕ በኋላ ስልጠናዬ ቢቋረጥ እቀበለዋለሁ ወይ? የማይቀበል ከሆነ ምድር ጦርን በቅድሚያ ይመልከት። በሲቪል ሆስፒታል መሰልጠንን የሚያስቀድም አየር ሃይልን፣ በመርከብና በማሪን ክፍሎች ጥቂት ዓመታት ማሳለፍን የሚወድ ደግሞ ባህር ሃይልን ያስብ። ከሶስቱ አንዳቸውም ግን የአንድን ዘርፍ ስልጠና በውል አያረጋግጡም።

አራተኛ፣ ለመኖር የምችለው የት ነው? የባህር ሃይሉ ሰፈሮች በአብዛኛው በባህር ዳርቻ፣ የምድር ጦሩ በሰፋፊ የአገር ውስጥ ካምፖች፣ የአየር ሃይሉ ደግሞ በየግዛቱ በተበተኑ ማረፊያዎች ዙሪያ ናቸው። የትዳር ጓደኛም በዚህ ጥያቄ ላይ ድምጽ ሊኖረው ይገባል።

አምስተኛ፣ መልማዩ በቃል የነገረኝ በውሉ ላይ ሰፍሯል ወይ? የመልማይ ስራ ሰው መመልመል ነው፤ አብዛኞቹም ሃኪም ያልሆኑ በመሆናቸው ስለ ስልጠናው ዝርዝር እውቀታቸው የተወሰነ ነው። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቃል አያስገድድም። ስለዚህ በተመሳሳይ ዘርፍ ያለ፣ ግዴታውን ጨርሶ የወጣና ገና በአገልግሎት ላይ ያለ ቢያንስ አንድ አንድ ሃኪም አነጋግሮ ሁለቱንም ወገን መስማት ተገቢ ነው።

በአጠቃላይ ሶስቱም ጦሮች ወጣቱን ያለ እዳ ሃኪም ያደርጉታል፤ በክፍያም በግዴታም እኩል ናቸው። የሚለያዩት ከምረቃ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስትና ስድስት ዓመታት ውስጥ በሚያስኬዱት መንገድ ነው። የደንብ ልብሱን መልክ ወይም የጦሩን ዝና ሳይሆን ይህንን መንገድ አጥንቶ የመረጠ አመልካች፣ የዲሴምበሩ ምደባ ውጤት ያሰበውን ባይሰጠው እንኳ የፈረመው ምን እንደሆነ አውቆ ይቀበለዋል።